ማዕዘናዊ የማስታወቂያ ፊደል ከአዋሽ እስከ ሰመራ፦ ቅርጹ፣ አገልግሎቱና ወሰኑ

(ከዚህ በታች የቀረበው ለሕዝብ ከተሰጠ ትምህርታዊ ገለጻ የተገለበጠ ነው። ተናጋሪው በሰሌዳ ላይ የጻፏቸው ሆሄያት በየቦታቸው ገብተዋል።)



የዛሬው ገለጻ ስለ ፊደል ነው፤ ነገር ግን ስለ ፊደል አመጣጥ ወይም ስለ ሞክሼ ሆሄያት የቆየ ክርክር አይደለም። ስለ ፊደል መልክ ነው። በሰሌዳው ላይ ሁለት ስሞችን ጽፌአለሁ፦ «አዋሽ» እና «ሰመራ»። የዛሬው ችግር በሙሉ በእነዚህ ሁለት ቃላት ውስጥ ተቀምጧል። እንዴት እንደሆነ እንድናይ ግን አስቀድመን ጥቂት መንገድ መሄድ አለብን።

ማዕዘናዊ ፊደል ስንል

ፎንቶች በሁለት ታላላቅ ወገኖች ይከፈላሉ። አንደኛው ወገን ለረጅም ንባብ የተዘጋጀ ነው፤ መጽሐፍ፣ ጋዜጣ፣ ደብዳቤ የሚጻፍበት። በኮምፒውተሮቻችን ላይ የምናውቃቸው ኒያላ፣ አቢሲኒካና ኖቶ የሚባሉት ከዚህ ወገን ናቸው። ሁለተኛው ወገን ለርእስና ለማስታወቂያ የተዘጋጀ ነው፤ ለታፔላ፣ ለባነር፣ ለዓርማ፣ ለመጽሐፍ ሽፋን። የፊተኛው ምግባር ራሱን መሰወር ሲሆን የኋለኛው ምግባር መታየት ነው።

ማዕዘናዊ የምለው ፊደል ከሁለተኛው ወገን ነው። ክብ የሆነውን ሁሉ ካሬ ያደርጋል፤ መስመሮቹ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ውፍረት አላቸው፤ ጫፎቹ በ90 ወይም በ45 ዲግሪ የተቆረጡ ናቸው። ሲያዩት ከብረት ተቆርጦ የወጣ ወይም በማሽን የተገጠመ ይመስላል። ስለዚህም ሰዎች «የወደፊቱ ዘመን ፊደል» ይሉታል።

ይህ ስሜት በላቲን ፊደል ዓለም የተገነባ ነው። በጣልያን አገር ቡቲና ኖቫሬዜ እ.ኤ.አ. በ1952 ማይክሮግራማን፣ ኖቫሬዜ ብቻውን ደግሞ በ1962 ዩሮስታይልን አወጡ። የጠፈር ፊልሞች እነዚህን ካሬ ፊደላት ተቀብለው በመንኮራኩርና በመቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ ስላሳዩአቸው የተመልካች ዓይን ካሬውን ፊደል ከወደፊቱ ጋር አቆራኘው። እ.ኤ.አ. በ1967 የኔዘርላንዱ ዊም ክራውል በዚያን ጊዜ ለነበሩት የኮምፒውተር ማሳያዎች ይስማማል ያለውን «አዲስ ፊደል» አቀረበ፤ ክብ መስመር ጨርሶ የለበትም፤ ከፊደላቱም አንዳንዶቹን ለይቶ ማወቅ አዳጋች ነው። የአሜሪካው የጠፈር ተቋም ናሳም እ.ኤ.አ. በ1975 በያዘው ዓርማ ላይ የ«ኤ» ፊደልን አግድም መስመር ጨርሶ አስወገደ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የላቲን አንባቢ «ኤ» መስመሩን ቢያጣም ያውቀዋል፤ ምክንያቱም ሊምታታበት የሚችል ሌላ ፊደል በአቅራቢያው የለም። ፊደላቱ 26 ብቻ ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ላይ ጥቂት ቢቀነስ የሚተርፈው ይበቃል። እርሱም ቢሆን ወሰን አለው። የመኪና አምራቹ ኪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ማዕዘናዊ ዓርማ ብዙ ሰዎች የኩባንያውን ስም «ኬ ኤን» ብለው አንብበውታል። የኛ ፊደል 33 ሆሄያት በሰባት ሰባት ቅርጽ፣ በድምሩ 231፣ ከዚያም በላይ ዲቃላዎቹ አሉት። ስለዚህ ከአንድ ሆሄ ላይ ጥቂት ስንቀንስ የምንደርሰው ወደ ባዶ ቦታ አይደለም፤ ወደ ጎረቤቱ ሆሄ ነው።

ማዕዘኑ ለእኛ አዲስ አይደለም

አንዳንድ ጊዜ «ማዕዘናዊ ፊደል የውጭ ነው፤ ለግእዝ ባሕርይ አይስማማም» ሲባል ይሰማል። ታሪኩ ይህን አይደግፍም። የፊደላችን አያት የሆነው የሳባ ጽሑፍ በድንጋይ ላይ ሲቀረጽ ቀጥ ያሉ መስመሮች፣ ጥርት ያሉ ማዕዘኖችና ልኩን የጠበቀ ቁመት ነበረው። በየሃ የተገኙትን ጽሑፎች የተመለከተ ሰው ጥበበኞቹ በማስመሪያ የሠሩ ይመስለዋል። በአክሱም የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ ላይም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ መልእክት በግሪክኛ፣ በግእዝ ፊደልና በሳባ ፊደል ተቀርጿል። እንግዲህ «የወደፊቱ» የምንለው ማዕዘን ከመቃ ብርዕና ከብራና የሚቀድም የፊደላችን መልክ ነው።

ታዲያ ዛሬ ለምን ያስቸግረናል? መልሱ በዚያው ዘመን የሆነ አንድ ታላቅ ነገር ነው። የጥንቱ ጽሑፍ አናባቢ አልነበረውም፤ «በ» የሚለው ሆሄ ለሁሉም ድምፅ አንድ ነበር፤ አንባቢው ከዐውዱ ይረዳ ነበር። በኢዛና ዘመን ግን ፊደሉ አናባቢውን በገዛ አካሉ ላይ ተሸከመ። ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስና ሳብዕ ተወለዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሆሄው እግርና ጎን ጌጥ መሆናቸው ቀርቶ የትርጉም ቤት ሆኑ። የሳባው ድንጋይ ጠራቢ የሆሄውን እግር እንደ ወደደ ሊቆርጠው ይችል ነበር፤ እኛ አንችልም። የዛሬው ገለጻዬ ፍሬ ነገር ይኸው ነው።

የተቆረጠ እግር

«በ»ን እንመልከት። «በ» ሁለት እኩል እግሮች አሉት። በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ጭረት ቢጨመር «ቡ» ይሆናል፤ ጭረቱ ወደ እግሩ ጫፍ ቢወርድ «ቢ»፤ በዚያው ጫፍ ቀለበት ቢታሰር «ቤ»። ግራ እግሩ ቢያጥር «ባ»፣ ቀኝ እግሩ ቢያጥር «ቦ»፣ በግራ ጎኑ ትንሽ ጭረት ብትወጣ «ብ» ነው።

አሁን ማዕዘናዊ ፊደል የሚሠራ ወጣት አስቡ። በላቲን ፎንቶች ላይ ካያቸው ጌጦች ሁሉ የሚማርከው የፊደሉን ጫፍ በ45 ዲግሪ መቁረጥ ነው፤ ፍጥነትን ያሳያልና። ያንኑ ወስዶ የ«በ»ን ግራ እግር ሰያፍ ይቆርጠዋል። በኮምፒውተሩ ላይ ሲያየው ያምራል። በግንብ አጥር ላይ ተሰቅሎ ከሩቅ ሲታይ ግን የተቆረጠው እግር አጠረ፤ «በ» ወደ «ባ» ተጠጋ፤ «መግቢያ በር» የሚለው «መግቢያ ባር» ሊነበብ ደረሰ። በዚህ ልንስቅ እንችላለን፤ አንባቢው ግን አልሳቀም፤ በሩን አላገኘም። «በር»፣ «ባር» እና «ብር» በአንድ ቀጭን ጭረት ወይም በእግር ርዝመት ብቻ የሚለያዩ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ሱቅ» እና «ሳቅ»ም፣ «ጎማ» እና «ጋማ»ም እንዲሁ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ይህ ነው፦ ማዕዘኑን በሆሄው ራስና ትከሻ ላይ አድርጉ፤ እግሩን ለአናባቢው ተዉለት። የ«በ» ጣሪያ በ45 ዲግሪ ቢቆረጥ ማንም አይሳሳትም፤ በዚያ በኩል የሚቀመጥ አናባቢ የለምና። እግሮቹ ግን እኩል ሲሆኑ በትክክል እኩል፣ ሲያጥሩም ያለ ጥርጥር አጭር ይሁኑ።

ከዚህ ቀደምም አንድ መሣሪያ ይህንኑ ትምህርት አስተምሮን ነበር። በኢንጂነር አያና ብሩ ስም የሚታወቀው የአማርኛ የጽሕፈት መኪና ያን ሁሉ ሆሄ በጥቂት ቁልፎች ለመጻፍ ሲባል አካሉንና የአናባቢውን ምልክት ለየብቻ መትቶ ማጋጠም ነበረበት። ታላቅ ብልሃት ነበር፤ ቢሮዎቻችንን አገልግሏል። ነገር ግን ምልክቱ ከሁሉም አካል ጋር በአንድ ቦታ ስለሚለጠፍ ሆሄያቱ ውበታቸውን ያጡ ነበር። ግእዝ ከዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 የራሱን ቦታ ካገኘ በኋላ እያንዳንዱ ሆሄ ለብቻው ሊሳል ይችላል። ዛሬ አንድ ቅርጽ ሠርቶ ስድስቱን በቅጂ ማባዛት የመሣሪያው ግዴታ ሳይሆን የሠሪው ስንፍና ነው።

ካሬ የሆነ ቀለበት

ወደ ሰሌዳው እንመለስ። «ዐ» ክብ ነው፤ ካሬ ሲሆን ባዶ ሳጥን ይሆናል። «ወ» በመሐሉ የቁም መስመር ያለበት ክብ ነው፤ ካሬ ሲሆን በቁም የተከፈለ ሳጥን ይሆናል። «ፀ» በአግድም የተከፈለ ሳጥን ይሆናል። እስካሁን ችግር የለም፤ ሦስቱም ይለያያሉ።

«መ» ግን ሁለት ቀለበቶች በጠባብ ወገብ የተያያዙበት ሆሄ ነው። ቀለበቶቹን ካሬ አድርጋችሁ ጎን ለጎን ብታጋጥሟቸው ምን ይወጣል? በቁም መስመር የተከፈለ ሳጥን። ያም «ወ» ነው። እንግዲህ «ሰመራ» «ሰወራ» ሆነች፤ «አዋሽ»ም «አማሽ» ተብላ ልትነበብ ነው። የሁለቱም ከተሞቻችን ስም ማዕዘናዊው ፊደል በሚሰናከልበት ድንጋይ ላይ ተቀምጧል ያልኩት ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ግን መታወቅ አለበት። የ«መ» ማንነት ያለው በቀለበቶቹ ሳይሆን በወገቡ ነው። በሁለቱ ሳጥኖች መካከል ከላይና ከታች ጥልቅ ሰርጥ ቢተውለት፣ የ«ወ» ውጫዊ መስመር ደግሞ ሳይሰበር ቢቀጥል፣ ሁለቱ ከሩቅ ይለያያሉ።

ለኃምሱ ቀለበትም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትንሽ ካሬ ቀለበት በወፍራም መስመር ሲሠራ ውስጡ ይደፈንና «ቤ» «ቢ»ን ይመስላል። ይህ በንድፍ ብቻ የሚቀር አይደለም፤ በሥራ ቦታም ይከሰታል። በስቲከር መቁረጫ ማሽን የተቆረጠ ፊደል ውስጠኛው ቁራጭ በእጅ ተለቅሞ ይወጣል፤ ቀለበቱ ጠባብ ከሆነ ለቃሚው ይዘለዋል ወይም ቀለበቱን አብሮ ይነቅለዋል። በላሜራ ላይ ሲቆረጥ ደግሞ የቀለበቱ ውስጥ የሚይዘው ስለሌለ ወድቆ ይቀራል፤ ስለዚህ የብረት ሠራተኛው ትንሽ ድልድይ ሊተውለት ይገባል። ጥሩ ማዕዘናዊ ፎንት ይህን ድልድይ አስቀድሞ በንድፉ ውስጥ ያካትታል። በእርግጥም ማዕዘናዊ ፊደል በታፔላ ሠሪዎች ዘንድ ከተወደደባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር ለመቁረጥም ለመበየድም ይቀላል።

በመብራት ነጥቦች በሚሠሩ የሚሮጥ ጽሑፍ ሰሌዳዎች ላይም ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። የላቲን ፊደል በ5 ዓምድና በ7 ረድፍ ነጥቦች ሊጻፍ ይችላል። የኛ «ጠ» ሦስት እግሮችና በመካከላቸው ሁለት ክፍተቶች ስላሉት እግሮቹ ብቻ 5 ዓምድ ይወስዳሉ፤ «ጡ» ለመሆን ደግሞ ለጭረቱ ተጨማሪ ዓምድ ይሻል። ለላቲን በተገዛ ሰሌዳ ላይ ግእዝን ማጨናነቅ አናባቢውን መሰዋት ነው።

በመንገዱ ላይ

አሁን ከወረቀት ወጥተን መንገዱን እንያዝ። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በአዋሽ አርባ፣ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎግያ አልፎ ሰመራ የሚደርሰው፣ ከዚያም ወደ ጋላፊና ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና የአገሪቱ የገቢና የወጪ ዕቃ የሚመላለስበት ነው። በዚህ መንገድ ላይ ታፔላ ጌጥ አይደለም። ጎማው የፈነዳበት የተሳቢ ሾፌር «ጎሚስታ» የሚለውን ይፈልጋል፤ በሌሊት የታመመ የያዘ ሰው «ጤና ጣቢያ» የሚለውን ይፈልጋል፤ በበረሃው ሙቀት የተጠማ መንገደኛ «ውሃ» የሚለውን ይፈልጋል።

ጥቂት ስሌት እንሥራ። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በአንድ ሰከንድ 22 ሜትር ያህል ይሄዳል። ሾፌሩ ታፔላውን አይቶ፣ አንብቦና ወስኖ ፍጥነቱን እንዲቀንስ 4 ሰከንድ ብንሰጠው 90 ሜትር ገደማ ያስፈልገዋል። በአሜሪካ የመንገድ ምልክት መመሪያ የታወቀው ልክ ለ9 ሜትር ያህል ርቀት 2.5 ሳንቲ ሜትር የፊደል ቁመት ነው። ስለዚህ በ90 ሜትር ለመነበብ ፊደሉ 25 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኖረዋል። ልብ በሉ፤ ይህ ልክ ለላቲን ፊደል የተሰላ ነው። በእግሩ ላይ አናባቢ ለተሸከመው ለግእዝ ፊደል ዝቅተኛው መነሻ እንጂ በቂው አይደለም።

በዚህ ላይ የአገሩን ብርሃን ጨምሩበት። የቀትር ፀሐይ በነጭ ሰሌዳ ላይ ሲያርፍ ቀጭን መስመር ይበላል፤ አቧራ ጠባብ ክፍተትን ይሞላል። ስለዚህ ለዚህ ሸለቆ የሚሠራ ማዕዘናዊ ፊደል መስመሩ ወፍራም ብቻ ሳይሆን ክፍተቱም ሰፊ መሆን አለበት። መስመርን አወፍሮ ክፍተትን መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው።

ሁለት ፊደላት በአንድ ታፔላ

የዚህ አካባቢ ታፔላ ሌላም ጸጋ አለው፤ ሁለት ፊደላት ጎን ለጎን ይቆሙበታል። አፋርኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፤ ሥርዓቱም «ዐፋር ፌራ» ይባላል። ብዙዎቹ ማዕዘናዊ ፎንቶች ለእንግሊዝኛ ስለተሠሩ በአፋርኛ ላይ ሲውሉ ሁለት ጉድለት ያሳያሉ።

አንደኛው የ«ኪው» ፊደል ነው። በእንግሊዝኛ እምብዛም የማይመጣ ስለሆነ ንድፍ ሠሪው በመጨረሻ የሚያስበው እርሱን ነው፤ «ኦ»ን ወስዶ በጥጉ ላይ ትንሽ ጭራ ይቆርጥለታል። በአፋርኛ ግን «ኪው» በግእዙ «ዐ» ይወከል የነበረውን የጉሮሮ ድምፅ የሚወክል ሲሆን የአፋር ሕዝብ ስም ራሱ በእርሱ ይጀምራል። ጭራው ከሩቅ ከጠፋ የሕዝቡ ስም በመጀመሪያው ፊደል ተሳሳተ ማለት ነው።

ሁለተኛው የ«ኤ» ፊደል ነው። አፋርኛ ረጅም አናባቢን የሚጽፈው ፊደሉን በመድገም ነው። አግድም መስመሩ የተወሰደበት «ኤ» ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ሲመጣ የመጋዝ ጥርስ እንጂ ፊደል አይመስልም። ናሳን ያስጌጠው ብልሃት እዚህ ንባብን ያደናቅፋል።

የቁመትም ጉዳይ አለ። ግእዝ ትልቅና ትንሽ የሚባል ፊደል የለውም፤ ላቲን አለው። ሁለቱ በአንድ መጠን ሲጻፉ ግእዙ ብዙውን ጊዜ የተጨናነቀ፣ ላቲኑ የተንጣለለ ይመስላል። በስፋትም እንዲሁ ነው፤ «ሰመራ» በግእዝ ሦስት ሆሄ ሲሆን በላቲን ስድስት ፊደል ነው። ስለዚህ አንዱን ጨርሶ ሌላውን በትርፍ ጊዜ መለጠፍ አይበጅም። ሁለቱ ፊደላት ከመጀመሪያው ቀን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ሊሳሉ ይገባል፤ የመስመራቸው ውፍረት፣ የማዕዘናቸው ዲግሪና የክፍተታቸው ስፋት አንድ ሆኖ እያንዳንዱ የራሱን አጥንት ይጠብቅ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2020 ባጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲ አፋርኛ ከፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች እንዲቆጠር ከታሰበ ወዲህ ይህ የውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእኩልነትም ነው። በአንድ ታፔላ ላይ አንዱ ቋንቋ ባለቤት፣ ሌላው እንግዳ መምሰል የለበትም።

የት ይጠቅማል፤ የት አይገባም

ከዚህ ሁሉ በኋላ ማዕዘናዊ ፊደልን እንደምነቅፍ እንዳይመስላችሁ። ሰመራ የክልሉ መቀመጫ ከአሳይታ የተዛወረባት አዲስ ከተማ ናት፤ አዋሽም ከጥንቱ የምድር ባቡር ጀምሮ የብረት መንገድ ከተማ ሆና እስከ ዛሬው የኤሌክትሪክ ባቡር የደረሰች ናት። እንዲህ ያሉ ከተሞች ነገን የሚመስል ፊደል ቢሹ ተገቢ ነው። ለስልክና ለኮምፒውተር ሱቅ፣ ለስፖርት ቡድን ማልያ፣ ለባጃጅ ስቲከር፣ ለዐውደ ርእይ ባነር፣ ለድርጅት ዓርማ ማዕዘናዊው ፊደል ያምራል። ቃሉ አጭር፣ መጠኑ ትልቅ፣ አንባቢው የቆመ ሲሆን ጥሩ ቦታው ነው።

ቁጥሮችም ዕድል ይሰጡታል። «አዋሽ 7» እና «አዋሽ 40» ስማቸው በቁጥር ከሚጻፍ ጥቂት ከተሞቻችን ናቸው። በግእዝ ቁጥር ፯ እና ፵ ብለን ብንጽፋቸው ከላይና ከታች ያሉት አግድም መስመሮች በተፈጥሯቸው ማዕዘናዊ ናቸው፤ ለዓርማ ከዚህ የተሻለ መነሻ አይገኝም።

የማይገባበት ቦታ ደግሞ ግልጽ ነው፤ ሰው በጭንቀት፣ በፍጥነት ወይም በሕመም ሆኖ የሚያነበው ሁሉ። የጤና ጣቢያ ታፔላ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ፣ የአደጋ ማስጠንቀቂያ፣ የመንገድ አቅጣጫ፣ ረጅም ማስታወቂያ። ገና ንባብ የሚለማመድ ሕፃን ወይም ጎልማሳም አለ፤ ለእርሱ የሆሄው እግር መምህሩ ነው።

በመጨረሻ ለተማሪዎቼ አንድ ፈተና ልተው። ፎንት ስትሠሩ «አበበ በሶ በላ»ን ብቻ አትሞክሩ። «በር፣ ባር፣ ብር»ን፣ «ሱቅ፣ ሳቅ»ን፣ «ጎማ፣ ጋማ»ን፣ «አዋሽ» እና «ሰመራ»ን ጻፉ። አትማችሁ በግድግዳ ላይ ለጥፉ፤ በቀትር ወደ ኋላ እየሄዳችሁ የመጀመሪያው ስሕተት እስኪመጣ ቁጠሩ። ፊደሉን የማያውቅ ሰው ያንብበው፤ እናንተ አታንብቡ፤ የሠራችሁትን ዓይናችሁ በልማድ ያርመዋልና። ቃሉ ሲሳሳት ያን ሆሄ አርሙ እንጂ አንባቢውን አትውቀሱ።

የሳባው ድንጋይ ጠራቢ ማዕዘኑን፣ የኢዛና ዘመን ጸሐፊ አናባቢውን አስረክበውናል። ከእኛ የሚጠበቀው ለአንዱ ስንል ሌላውን አለመጣል ነው።